የወባ መመርመሪያ ትንበያችንን ትዕዛዝ ለሚፈርሙት ኃላፊዎች እንዴት እናስረዳ?

ጠያቂ፦ የአቅርቦት ዕቅድ ባለሙያ፣ ጎንደር (አዘዞ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በጎንደርና በዙሪያዋ ላሉ ጤና ተቋማት መድኃኒትና የሕክምና ግብአት በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ባለፉት ዓመታት የተጠራቀመውን የፍጆታ መረጃ ተጠቅመን የወባ ፈጣን መመርመሪያና የኮአርተም (የወባ መድኃኒት) ወርኃዊ ፍላጎት የሚተነብይ ሞዴል ላይትጂቢኤም በተባለው የማሽን ትምህርት መሣሪያ ሠርተናል። መረጃው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየወሩ የተጠናቀረ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተቋም በዓመት 13 ረድፍ አለው። ዜሮ ፍጆታ የተመዘገበባቸው ወራት ስለሚበዙ ዜሮ ለሚበዛበት መረጃ የሚሆነውን የትዊዲ ስሌት መርጠናል፤ ውጤቱም ቀድሞ በኤክሴል ከምናወጣው አማካይ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ትዕዛዙን የሚፈርሙት ኃላፊዎች አላመኑበትም። እያንዳንዱ ምክንያት ትንበያውን ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳደረገ የሚያሳየውን የሻፕ ግራፍ ስናሳያቸው «ይህ ወደ ግራ የሄደው ሰማያዊ ዘንግ ስንት ካርቶን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን፤ የሚያረካ መልስ አልነበረንም። በዚያ ላይ ለደምቢያ ጤና ጣቢያዎች የመስከረም ትንበያ ከነሐሴው አንሶ ወጣ፤ ወባ በሚነሣበት ወር ማለት ነው። ግራፉ ለቅናሹ የሚሰጠው ምክንያት «ያለፈው ወር ፍጆታ» የሚል ብቻ ነው። ማብራሪያውን እናሻሽል ወይስ ቀለል ወዳለ ሞዴል እንሂድ?

መልስ፦ የዳታ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ከዘንጉ ልጀምር። በትዊዲ የሠለጠነ ሞዴል ውስጡን የሚያሰላው በሎጋሪዝም ስለሆነ፣ ሻፕም ካልተቀየረ በስተቀር ድርሻዎቹን የሚያሳየው በዚያው መለኪያ ነው። ስለዚህ ዘንጎቹ በካርቶን አይደመሩም፤ ወደ ካርቶን ሲመለሱ ይባዛሉ። የ0.2 ጭማሪ ትንበያውን በ1.22 ገደማ ያባዛል፣ የ0.5 ቅናሽ ደግሞ ወደ 61 በመቶ ያወርደዋል። መነሻው 400 ካርቶን ቢሆን ያ ሰማያዊ ዘንግ ብቻውን ወደ 243 ያወርደዋል ማለት ነው። ኃላፊዎቹ የጠየቁት ይህንን ነበርና በዚህ መልክ ተተርጉሞ ይቅረብላቸው።

የሻፕ መሠረት ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው፣ የጋራ ውጤትን ለተባባሪዎች የማከፋፈያ ሒሳብ ነው፤ ሉንድበርግና ሊ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሞዴል ማብራሪያ አዋሉት። ተቀራራቢ መረጃ የያዙ ዓምዶች ሲኖሩ፣ ለምሳሌ ያለፈው ወር ፍጆታና የሦስት ወር አማካይ፣ ድርሻው በመካከላቸው ይበታተንና አንዱም ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ ድርሻዎቹን ገና በሎጋሪዝም እያሉ «የቅርብ ጊዜ ፍጆታ»፣ «ወቅት»፣ «የተቋሙ ባሕርይ» በሚሉ ቡድኖች ደምራችሁ አሳዩ።

የመስከረሙን ግን ከጥያቄዎ ውስጥ ያገኘሁት ይመስለኛል። በዓመት 13 ረድፍ ካለ፣ ለመስከረም «ያለፈው ወር» የሚባለው ጳጉሜን ነው! የአምስት ወይም የስድስት ቀን ፍጆታ እንደ ሙሉ ወር ተቆጥሮ ትንበያውን ወደ ታች እየጎተተው ነው። ሞዴሉ ይህንን ልዩነት ራሱ ሊማር ይችል ነበር፤ ነገር ግን መስከረም በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ የሚማርበት ምሳሌ ጥቂት ነው። ፍጆታውን በቀናት ቁጥር አካፍሉት፤ ወይም ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር አዋሕዳችሁ ለ35 ወይም ለ36 አካፍሉ። ለሁሉም ተቋማት በጅምላ የምክንያቶችን ደረጃ የሚያወጣው ግራፍ ይህንን ችግር ፈጽሞ አያሳያችሁም ነበር፤ የአንድን ተቋም የአንድ ወር ትንበያ ነጥሎ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መልስ፦ መምህር፣ ጎንደር (ማራኪ)

ከላይ በተሰጠው ምርመራ እስማማለሁ፤ በመድኃኒቱ ግን በከፊል ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ሲንትያ ሩዲን እ.ኤ.አ. በ2019 እንደተከራከረችው፣ ከባድ ውሳኔ በሚሰጥበት ሥራ ላይ የማይነበብ ሞዴል ሠርቶ ቆይቶ ከማብራራት ይልቅ ከመነሻው የሚነበብ መሥራት ይመረጣል። ለእናንተ ዓይነት ሠንጠረዥ ኤክስፕሌነብል ቡስቲንግ ማሽን የተባለው ይስማማል፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት አንድ ኩርባ ስለሚያወጣ ፋርማሲስቱ ኩርባውን አይቶ «ይህ ከእውነት የራቀ ነው» ሊል ይችላል። ላይትጂቢኤምን መተው ካልፈለጋችሁ ደግሞ የአቅጣጫ ገደብ ይቀበላል፦ የተመዘገቡ የወባ ሕሙማን ሲጨምሩ የመመርመሪያው ትንበያ እንዳይቀንስ ማሰር ይቻላል። በዝናብ ላይ ግን ይህንን አታድርጉ፤ ኃይለኛ ዝናብ የትንኝ እጭን ጠርጎ ሊወስድ ስለሚችል ግንኙነቱ ባለ አንድ አቅጣጫ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አማካይን ማሸነፍ ወቅት ላለው ዕቃ ትልቅ ነገር አይደለም። ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድሩት።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ቆላ ድባ

ትንበያውን ከሚቀበሉት ወገን ነኝ። ብዙዎቹ ዜሮዎች ፍላጎት ስላልነበረ የመጡ አይደሉም፤ መመርመሪያው አልቆ ስለነበር ነው። ቢን ካርዱ (የክምችት መመዝገቢያው) ላይ ሚዛኑ ዜሮ ሆኖ የቆየባቸው ቀናት ይታያሉ፣ በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹም ላይ ዕቃ ያልነበረባቸው ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ አለ። ያንን ዓምድ ሳታስገቡ የምታቀርቡት ማብራሪያ የኛን ባዶ መደርደሪያ «ዝቅተኛ ፍላጎት» ብሎ ያስነብባል፤ ያለፈው ዓመት ጉድለትም ለዘንድሮ ትዕዛዝ ምክንያት ሆኖ ይመጣል።

ሌላው፣ ኃላፊው የሚፈርመው በትንበያ ላይ ሳይሆን በትዕዛዝ መጠን ላይ ነው። ለጤና ጣቢያ ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ትንበያው፣ በእጅ ያለው ክምችትና የሚታዘዘው መጠን በአንድ ገጽ ላይ ተለያይተው ቢቀመጡ፣ ከሥራቸውም ሁለቱ ዋና ዋና ምክንያቶች ብቻ በአማርኛ ቢጻፉ፣ ግራፉ ራሱ ባይኖርም እናነባለን። ቁጥሩን በእጁ የሚያስተካክል ኃላፊም ለምን እንዳስተካከለ የሚጽፍበት ቦታ ይኑረው፤ ከሁለት ወር በኋላ ትክክለኛው ፍጆታ ሲመጣ የእሱም የሞዴሉም ቁጥር ጎን ለጎን ይታያል።