ከማረሚያ ቤት ለሚወጡ ወገኖች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን እስከ እሑድ እንጨርስ

ጸሐፊዋ፦ ጤና ይስጥልን። ባለፈው ስብሰባ የተባለውን በአንድ ገጽ ልጽፍ ብዬ ሦስት ገጽ ሆነብኝ። ሁሉን ከጠየቅን አንዱንም አናገኝም፤ ዋናውን እንለይ። የእኔ ሐሳብ፦ ቀጣሪ ሁሉ «አሻራ አምጣ»፣ ማለትም ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያሳይ የፖሊስ ወረቀት አምጣ፣ እንዳይል የሚከለክል አዲስ ሕግ ይውጣልን እንበል።

ጠበቃው፦ እህቴ፣ አዲስ ከመለመናችን በፊት ያለውን እንየው። የወንጀል ሕጋችን ከአንቀጽ 232 እስከ 237 ድረስ «መሰየም» የሚባል ነገር አለው። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው አመልክቶ ፍርዱን ከመዝገብ ማሰረዝ ይችላል። ጽኑ እስራት ከነበረ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት፤ ጠባዩም ጥሩ ሆኖ። ከተሰየመ በኋላ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በክፋት የድሮ ጥፋቱን እያነሳ የሚያሸማቅቀው ሰው ራሱ በስም ማጥፋት ሊጠየቅ ይችላል። ይሄ ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በጃንሆይ ጊዜ በወጣው በ1949ኙ ሕግም ነበረ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የአሁኑ ሕግ ደግሞ ይዞት ቀጠለ።

አናጢው፦ ጋሼ፣ እኔ ስድስት ዓመት ታስሬ ስወጣ ይሄን የነገረኝ የለም። የመፈቻ ወረቀቴን ሰጡኝ፣ በቃ። አሁን ከእርስዎ መስማቴ ነው።

ውስጥ እያለሁ እንጨት ሥራ ተማርኩ። የምስክር ወረቀት አለኝ። ሳወጣው ግን ሰው ዓይኑ ማህተሙ ላይ ነው የሚያርፈው። ክቡ ማህተም «ማረሚያ ቤት» ይላል። አንድ ዎርክሾፕ ወረቀቱን ሳላሳይ የቁምሳጥን በር ገጥሜ አሳየሁ። ባለቤቱ በእጁ ሁለት ሦስቴ ከፈተ ዘጋው። «ሰኞ ጀምር፣ አሻራህን ብቻ ይዘህ ና» አለኝ። ሰኞ አልሄድኩም። ምን ይዤ ልሂድ?

ከአዳማ፦ አሻራው ቢጸዳም ዋስ አለ። ያውም ደመወዝተኛ ዋስ። የታሰረ ሰው ሲሆን የገዛ ወንድሙም ይሸሻል። ማኅበራችን ዋስ ቢሆንስ?

ገንዘብ ያዥ፦ አንዱ ዕቃ ይዞ ቢሰወር ከየት ነው የምንከፍለው? ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የማውቀው እኔ ነኝ። ዋስ የሚለው ይቅር።

ጸሐፊዋ፦ ይቅር። ለሌላ ቀን።

እትዬ ከመርካቶ፦ ልጆቼ፣ እኔ ወደዚህ ማኅበር የመጣሁት በሌላው በር ነው። ወንድሜን ደብድቦ የታሰረው ልጅ ተፈትቶ አሁን ሰፈራችን ጀብሎ ይሸጣል። ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ ነበር የሚያስፈራኝ። ግን የካሳ ነገር በግልጽ ካልተጻፈ አልፈርምም።

ጠበቃው፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት። ሕጉም አመልካቹ የተፈረደበትን ካሳ አቅሙ በፈቀደ መጠን መክፈሉን ያያል። በእርስዎ አባባል እናስገባዋለን። ሕፃናት የሚውሉበት ቦታ አሻራ መጠየቁንም አንነካም። እሱን ከነካን ማንም አይሰማንም።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲያው የእኔን አዲስ ሕግ ሰርዤዋለሁ፣ ከልቤ ነው። አሁን የያዝኩት ይሄን ነው። የመፈቻ ወረቀቱ ላይ ሰውየው ለመሰየም ማመልከት የሚችልበት ቀን ተጽፎ ይሰጠው፤ ይሄን የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንን እንጠይቃለን። ማመልከቻውን በመጻፍ የዩኒቨርሲቲዎቹ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት እንዲያግዙ ደግሞ እነሱን እናነጋግራለን።

ጠበቃው፦ ቀኑ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ የወጣ ሰው፣ አምስት ዓመቱ ከየት እንደሚጀምር በጣቱ ቆጥሮ አያገኘውም።

አናጢው፦ ማህተሙስ?

ጸሐፊዋ፦ ውይ፣ ዋናውን! የሙያ ምስክር ወረቀቱ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ስም ይሰጥ፣ የተማረበት ቦታ አይጻፍ። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ። ገንዘብ የማያስወጣ ጥያቄ ስለሆነ እምቢ ለማለት ይከብዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄን ወደድኩት።

አናጢው፦ እኔ አመክሮ አልነበረኝም። ቅጣቴን ከጨረስኩ የፊታችን ጥቅምት አምስት ዓመት ይሞላኛል። የእኔ ማመልከቻ ስሜ ተሰርዞ ለረቂቁ ናሙና መሆን ይችላል?

ጠበቃው፦ ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ ና። የፍርዱን ግልባጭ እንዳትረሳ።