ደንገጎ ላይ ጡሩምባ ነፊ ይቀጠር ወይስ ቀልዱ ይቁም?

የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች በየሰፈራቸው ስም የሚጽፉበት ቡድን ነው። የክርክሩ ጥያቄ፦ የከተማና የሀገር ችግር ሲነሳ ሰው የማይሆን መፍትሔ እየወረወረ ይሳሳቃል። ይህ ነገር ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?

ከአዲስ ከተማ፦ ትናንት ያልኩትን እደግማለሁ። ከድሬ በላይ ተራራው ላይ፣ ደንገጎ፣ አንድ የእድር ጡሩምባ ነፊ እንቅጠር። ላይ ሲዘንብ ድሬ እስኪሰማ ይንፋ። ለደመወዙ መጀመሪያ የማዋጣው እኔ ነኝ።

ከሳቢያን፦ አቦ ተው! በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። የተኛ ሰው ነው የወሰደው። በዚህ ይሳቃል? መፍትሔ ያለው ይናገር፣ የሌለው ዝም ይበል።

ከከዚራ፦ የሳቢያኑ ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ያን ሌሊት የሚያስታውስ የድሬ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ግን ጡሩምባውን ቶሎ አትጣለው።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ከዚራና መጋላ መሐል ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል፣ ኮከብ እየታየ፣ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ይዘንባል። ጎርፉ የሚነሳው እዚያ ነው። ወደ እኛ እስኪወርድ ትንሽ ጊዜ አለ። ትንሽ ናት፤ ግን ልጅ ቀስቅሶ፣ እናትን ደግፎ ከወንዙ ዳር ለመራቅ ዋጋ አላት። የአዲስ ከተማው ልጅ የሚለው ይህንን ነው። ላይ ያለው ሰው ያየውን ታች ያለው ይስማ ነው የሚለው። ባለሙያዎች ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይሉታል፤ የዝናብ መለኪያና ሳይረን ያቆሙለታል። እሱ ደግሞ የሚያውቀውን ጡሩምባ አመጣ። የእድር ጡሩምባ እስከ ዛሬ የሚነፋልን ከሞትን በኋላ ነው። አንድ ቀን እንኳ ከመሞታችን በፊት ቢነፋልን ምናለበት?

ደንገጎ ላይ የተነፋ ጡሩምባ ድሬ አይሰማም፤ አውቃለሁ። ያ አይሆንም። ስልክ ግን ይሰማል። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሌሊትም ቢሆን ሰው ይቀሰቅሳል። እኔ ቀልድ ስሰማ የማይሆነውን አወጣና የቀረውን አያለሁ። አንዳንዴ ብዙ ይቀራል።

ድሬ ራሷስ እንዴት መጣች? ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደ፣ ወጪውም ከበደ። ባቡሩ ሐረር መውጣት ሲያቅተው ሐረር ወደ ባቡሩ ወረደች በሉት። ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፣ ከተማ ተቆረቆረ፣ «አዲስ ሐረር» ተባለ። እኛ የምንኖርባት ይህችው ናት። «ባቡሩ ካልወጣ ከተማ እንሥራለት» ብሎ አንድ ሰው ዛሬ በዚህ ቡድን ቢጽፍ ስንት የሳቅ ምልክት ይደረግበት ነበር?

ውሃውንም እዩት። ሐረር የሐረማያ ሐይቅን ስትጠጣ ኖረች። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ፤ ለጫትና ለአትክልት ተሳበ፣ ደለል ሞላው፣ ለከተማውም ተቀዳ። ከዚያ ከድሬ በኩል የከርሰ ምድር ውሃ በሞተር እየተገፋ፣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ሐረር እንዲገባ ተደረገ። ሐይቁ ሞልቶ ጀልባ በሚሄድበት ዘመን ደጋው ከቆላ ውሃ ይለምናል ቢባል ማን ያምናል?

ሁሉም ቀልድ ግን ፍሬ የለውም። «የድሬን ውሃ አፍልተን ኖራ እንሽጥ» ያላችሁ ነበራችሁ። የእናቴን ማንቆርቆሪያ ገልብጬ አየሁት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፣ የጥፍር ውፍረት አለው። በማንኪያ ብፍቀው አልነሳ አለ። እናቴ ሎሚ ጨምቃበት አፈላችና ለቀቀ። ኖራ ነጋዴ አልሆንንም። ያ ቀልድ እዚያው አለቀ፣ ይለቅ።

አንዱን ግን ጨርሶ አልቀበልም። «ወንዝ ዳር የሰፈረው ዋና ይማር» የሚለውን። ደሃ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት ነገር የለም።

ከሐረር፣ ሸንኮር፦ የኛም ይጨመር። ማዘጋጃ ቤቱ ጅቦቹን በቋሚነት ይቅጠር የምንል አለን። የጀጎል ግንብ ላይ እነሱ የሚገቡበት ቀዳዳ አለ። ማታ ገብተው አጥንትና ትራፊ ይለቅማሉ። ይህንን እያወራን አንዷ ጎረቤታችን «ፌስታሉንስ ማን ይለቅማል?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ እኛ ግቢ አጥንቱ ለብቻ፣ ፌስታሉ ለብቻ ነው የሚጣለው።

ከመጋላ፦ ወንድሞቼ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አያለሁ። ባለቤቴ ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። አመሻሹ ላይ የደቻቱ ግድብ ተሠርቶ ያልቃል፣ መብራትም ከግድቡ ይመጣል፣ ለጅቡቲም ይሸጣል። ጠዋት ተነስቶ ስለ ግድቡ አያስታውስም። ሰው ሲስቅ ችግሩን የፈታው ይመስለዋል። ልቡ ይቀላል፣ እጁ አይነሳም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ከከዚራ፦ እህቴ፣ ይህንን አልክድሽም። እኔም እዚያ በርጫ ላይ ተቀምጬ ግድብ ሠርቻለሁ። ጥፋቱ ግን ሳቁ ላይ አይመስለኝም፤ ማንም አለመጻፉ ላይ ነው። ቁም ነገር ብቻ ይነገር ካልን የሚናገረው ማይክ የለመደ ሰው ይሆናል። ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት የሚያፍር ሰው ሐሳቡን በቀልድ ነው የሚያወጣው። ሲሳቅበት ይስቃል፣ ሲደመጥ ይቀጥላል። ያንን በር ከዘጋንበት የት ሄዶ ይናገር? ስለዚህ አንድ ደብተር ይኑረን። የተቀለደው ይጻፍ፣ ከጎኑ የማይሆነው ይጻፍ፣ የቀረውን ማን እንደሚሠራው ስም ይጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ይሰረዝ።

እሁድ የእድር ስብሰባ አለ። በጡሩምባው እጀምራለሁ። ደንገጎ ላይ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልገናል። እዚህ ደግሞ ተደውሎለት የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች የሚቀሰቅስ። ሁለት ሰው ብቻ። እዚህኛውን እኔ እሆናለሁ።

ከሳቢያን፦ ደንገጎ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያለው ሰው አውቃለሁ። እዚያው ነው የሚያድረው። ነገ ደውዬ እጠይቀዋለሁ። ግን ጡሩምባ የሚለውን ቃል አውጡልኝ።

ከአዲስ ከተማ፦ እሺ ወንድሜ፣ አውጥቻለሁ። ለስልኩ ካርድ መዋጮ ግን ስሜን ጻፉ።