ለሲኒማ ማንኪያና ሩዝ ያዝ ተባልኩ

የሌሊት ነጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ የሌሊት አውቶቡስ እነዳለሁ። አንድ እንግሊዛዊ ባልደረባዬ ቅዳሜ ማታ እስኪነጋ ድረስ አምስት ፊልም በተከታታይ የሚያሳይ ሲኒማ ትኬት ቆረጠልኝ። እንቅልፍ ማጣቱን ለምጄዋለሁ። ግን «የፕላስቲክ ማንኪያ፣ ጋዜጣና አንድ እፍኝ ሩዝ ያዝ፤ እንወረውራለን» አለኝ። ማንኪያው ይሁን። ሩዝ? እናቴ መሬት የወደቀ የእንጀራ ቁራሽ አንስታ ከፍ ያለ ቦታ የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። እህል ስበትን ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር? ደግሞስ መወርወሩ ግዴታ ነው ወይስ ዝም ብሎ ማየት ይቻላል?

ከሙኒክ፦
ሩዙ ለ«ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ነው፤ መጀመሪያው ላይ ሠርግ ስላለ ለሙሽሮቹ ይበተናል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ገበያ አልቀናውም። በዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ ዌቨርሊ የተባለ ሲኒማ እኩለ ሌሊት ላይ ማሳየት ሲጀምር ግን እነዚያው ተመልካቾች እየተመላለሱ ስክሪኑ ላይ ላሉት ተዋናዮች እየጮኹ መልስ መስጠት ጀመሩ፤ እንደ ገጸ ባሕርያቱ ለብሰው ከስክሪኑ ፊት የሚተውኑም መጡ። እዚህ ሙኒክ ሙዚየም ሊሽትሽፒለ የሚባል ሲኒማ ከ1977 ጀምሮ ያሳየዋል። ጋዜጣውን ፊልሙ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ራስህ ላይ ትዘረጋዋለህ፤ ከኋላህ ያለው ሰው በውኃ ሽጉጥ ይረጭሃልና። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደውን ሰው «ድንግል» ይሉታል፣ እንዳትቆጣ። ሩዝና ውኃ የሚከለክሉ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ስለ እህሉ ብዙም አትጨነቅ።

ዳር ተቀማጭ፦
ማንኪያው የ«ዘ ሩም» ነው፣ የ2003 ፊልም። ቶሚ ዋይዞ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ዋናው ተዋናይ ሆኖበታል፤ ሰው የሚወድደውም ስለማያምር ነው። ሳሎኑ ውስጥ የማንኪያ ፎቶግራፍ በፍሬም ተቀምጧል። እሱ በታየ ቁጥር አዳራሹ «ማንኪያ!» ብሎ ይጮኻል፣ ማንኪያው ይዘንባል። ወንድሜ፣ ፊት ረድፍ አትቀመጥ።

የድሮ ቪዲዮ ቤት ደንበኛ፦
ምኑ ነው አዲስ ነገሩ? አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን የሕንድ ፊልም ስናይ «ከኋላህ ነው!» እያልን ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮኽ አልነበረም? ልዩነቱ እኛ ሰውየው እንዲተርፍ ነበር የምንጮኸው፤ እነሱ መቼ እንደሚሞት በቃላቸው ይዘውታል። ቆሎ ያዝ። ለመብላት ነው፣ ለመወርወር አይደለም።

የሌሊት ነጂ፦
ሄጄ መጣሁ። በር ላይ ሩዝ ክልክል ነው ተባልኩ፤ ደስታዬን አልደበቅኩም፤ ፌስታሉን ወደ ኪሴ መለስኩት፣ ዛሬ ከምስር ጋር ተቀቅሏል። በሁለተኛው ፊልም ጋዜጣዬን ዘረጋሁ። ሦስተኛው ላይ ከማላውቃት አሮጊት ጋር እኩል «ማንኪያ!» ስል ራሴን ሰማሁት፤ እሷ አንድ ከረጢት ሙሉ ነበር የያዘችው፣ የእኔ ሲያልቅ ከእሷ እየዘገንኩ ወረወርኩ። አራተኛውን ተኝቼበታለሁ፣ ስለ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ንጋት ላይ የተሳፈርኩበትን አውቶቡስ የሚነዳው ሌላ ባልደረባዬ ነበር። ካርዴን ሳስነካ ጃኬቴ ኮፍያ ውስጥ የተሰካውን ነጭ ማንኪያ አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን ዘግቶ ነዳ።