የትልቅ ባስ (የሐይቅ ዓሣ) ማረጋገጫ ደንብ፣ በጆርጂያ (አሜሪካ) ላለን የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባላት፦ ረቂቅ ለውይይት፣ አስተያየት በየቅጽል ስማችን እስከ እሑድ ማታ

ሰብሳቢ፣ ሰኞ
የዓምናው 500 ዶላር ሽልማት እስካሁን ካዝና ውስጥ ነው፤ የቆቃ ዓሣ ስንት እንደመዘነ ስላልተስማማን። ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ባሱ እንቁላል ሞልቶ ወደ ዳር መውጣት ይጀምራል፣ ትልልቁ የሚያዘውም ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ደንብ ካልጸደቀ ዘንድሮም ያው ጭቅጭቅ ነው። ረቂቁ ይኸው፦ ከ8 ፓውንድ በላይ የሆነ ባስ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በማኅበሩ ሚዛን፣ ጀልባ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ በውድድሩ በሌሉ ሁለት ምስክሮች ፊት ሲመዘን ነው። አራት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ዓሣው ከአፉ እስከ ጅራቱ፣ አጥማጁ ዓሣውን ይዞ፣ ዘንጉና ክር መጠቅለያው፣ የሚዛኑ ቁጥር ዓሣው እንደተንጠለጠለ። ለሚዛኑ 140 ዶላር ይፈቀድ።

አላቱና፣ ሰኞ
እኔ እገዛዋለሁ። ትክክለኛነቱን አስመስክሬም እስከ ዓርብ አመጣዋለሁ። ብሩን ላኩልኝ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ
ተልኳል። ደረሰኝ እፈልጋለሁ።

ጫሞ፣ ሰኞ
ሚዛኑ ሲገዛ ቁጥር የሚቆልፍበት መንገድ ይታይ። አንዳንዱ ሲረጋጋ ይቆልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያየውን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ይቀራል። ሁለተኛው ዓይነት አይሆንም፤ ዓሣው አንዴ ሲወራጭ ያልነበረ ክብደት ይጨምራል። ደግሞ ዓሣው በከንፈሩ አይሰቀል። ትልቅ ባስ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል መንጋጋው ሊጎዳ ይችላል። በመረብ ከረጢት ይመዘን። ከረጢቱ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ተራግፎ ይሰቀል፣ ሚዛኑ ዜሮ ይደረግ፣ ከዚያ ዓሣው ይግባ። በደረቅ ከረጢት ዜሮ ያደረገ ሰው ውሃውንም ከዓሣው ጋር ይመዝነዋል።

ዝዋይ፣ ማክሰኞ
8 ፓውንድ የሚለው ከየት መጣ? ምስክር ወረቀቱ በአማርኛ ነው፣ መዝገቡ በአማርኛ ነው፣ እኛ ዓሣ የምናውቀው በኪሎ ነው። በኪሎ ተስተካክሎ ይቅረብ፣ አለበለዚያ ድምፄን አልሰጥም።

ሰብሳቢ፣ ማክሰኞ
ጋሽ ዝዋይ፣ ያለነው ጆርጂያ ነው። ግዛቱ ክብረ ወሰን የሚመዘግበው በፓውንድና በአውንስ ነው። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ ትልቅ ነገር ቢይዝ ወረቀታችን ከግዛቱ ወረቀት ጋር መግባባት አለበት።

ዝዋይ፣ ማክሰኞ
ግዛቱን የሚያህል ዓሣ እስኪያዝ በማናውቀው መለኪያ ልንጣላ ነው? እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ የተያዘው የአጥማጁ የኩሪታ ባስ፣ ከዓለም ክብረ ወሰን ጋር እኩል የተባለው፣ 10.12 ኪሎ ነበር። በኪሎ ስለሆነ ማን ናቀው?

ክላርክስተን፣ ማክሰኞ
እባካችሁ ወደ ምስክሮቹ እንመለስ። ኪሎም ሆነ ፓውንድ ዓሣው ያው ዓሣ ነው።

ሐይቅ ዳር፣ ማክሰኞ
ያው አይደለም። የዓምናው ጣጣ መነሻ እኮ ይኸው ነው። ፎቶውን ከፍታችሁ እዩት። ማያው ላይ 9፣ ቀጥሎ 10 አለ። በመካከላቸው ያለው ላይ ፀሐይ አብርቶበት ነጥብ ይሁን ሁለት ነጥብ አይለይም። ሁለት ነጥብ ከሆነ 9 ፓውንድ ከ10 አውንስ ነው፣ በኪሎ 4.37። ነጥብ ከሆነ ግን አስርዮሽ ነው፤ 9.10 ፓውንድ ማለት 9 ፓውንድ ከ1.6 አውንስ ነው፣ በኪሎ 4.13። ሁለተኛ የወጣው 9 ፓውንድ ከ6 አውንስ፣ ማለትም 4.25 ኪሎ ነው። በአንዱ ንባብ አንደኛ፣ በሌላው ሁለተኛ። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ስለሆነ በአውንስ ሲሆን የኋላው ቁጥር ከ15 አያልፍም፣ በአስርዮሽ እስከ 99 ይሄዳል። 10 በሁለቱም ውስጥ ስለሚወድቅ ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም።

ቆቃ፣ ማክሰኞ
ሁለት ነጥብ ነው። ስንቴ ልናገር? ሚዛኑ በፓውንድና በአውንስ እንዲያሳይ ነበር የተስተካከለው። አሁን በኪሎ አሳባችሁ የሰው ስም ልታጠፉ ነው?

ሐይቅ ዳር፣ ማክሰኞ
ስምህን ማን አነሳ? ስለ ፎቶው ነው የማወራው።

ቆቃ፣ ማክሰኞ
ፎቶው የማን ነው ታዲያ? ሌባ ልትለኝ ከሆነ በግልጽ በለኝ።

ጫሞ፣ ማክሰኞ
ርዝመቱና ዙሪያው ተለክቷል፤ 24 ኢንች በ18.5። ከዚያ አስልተን እንጨርሰው።

ሐይቅ ዳር፣ ረቡዕ
አስልቼዋለሁ፣ አይጨርሰውም። ዙሪያውን በራሱ አባዝተህ በርዝመቱ አባዝተህ ለ800 ስታካፍል 10.3 ፓውንድ ይወጣል። ርዝመቱን በራሱ አባዝተህ በዙሪያው አባዝተህ ለ1200 ስታካፍል 8.9። ሁለቱም ስሌቶች አጥማጆች የሚጠቀሙባቸው ናቸው፣ የምንጣላበት ቁጥር ደግሞ መሀላቸው ነው። የኩሪታን ዓሣ ብታሰላው ይብሳል፦ 27.2 ኢንች ርዝመት፣ 26.77 ዙሪያ። አንዱ ስሌት 24.4 ፓውንድ፣ ሌላው 16.5 ይሰጣል። ሚዛን ላይ የተገኘው 22 ፓውንድ ከ4.97 አውንስ ነው። ሆዱ የተነፋ ትልቅ ባስ በቀመር አይገኝም። ስሌት ማጭበርበርን ለመጠርጠር ይረዳል እንጂ ሽልማት አያሰጥም።

ዝዋይ፣ ረቡዕ
እንግዲህ ራሳችሁ አረጋገጣችሁልኝ። ኪሎ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው። 4.13 እንደ 4 ኪሎ ከ13 ምንም አይነበብም።

ክላርክስተን፣ ረቡዕ
ጋሽ ዝዋይ፣ መፍትሔው ሚዛኑን በአስርዮሽ ፓውንድ እንዲያሳይ ማስተካከልና አውንስን መከልከል ነው። ኪሎ አያስፈልግም።

ዝዋይ፣ ረቡዕ
አስርዮሽ ፓውንድ ግዛቱም አይጽፈውም፣ እኛም አናውቀውም። ታዲያ ለማን ነው?

የወጣቶች ተወካይ፣ ረቡዕ
የዓሣ ክብረ ወሰን በሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማኅበር በአይጂኤፍኤ ደንብ ከ25 ፓውንድ በታች የሆነ ዓሣ የነበረውን ክብረ ወሰን ለመስበር ቢያንስ 2 አውንስ መብለጥ አለበት። ኩሪታ የበለጠው በአንድ አውንስ እንኳ ስላልሞላ ነው ከጆርጂያው የክብረ ወሰን ባለቤት ከፔሪ ጋር እኩል ተብሎ የተመዘገበው። እኛም ይህን እናስገባ። 2 አውንስ 57 ግራም ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ቢያንስ በ10 ግራም መለየት አለበት፤ በ50 ግራም የሚዘል ሚዛን ለዚህ አይረባም። በኪሎ ቢሆን ይህን ማየት ይቀላል። እኔ ለኪሎ ነኝ፣ በቅንፍ ፓውንድ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ
መሀል ላይ እንገናኝ፦ ሚዛኑ በኪሎ ይመዝናል፣ መዝገቡ ሁለቱንም ይጽፋል፣ የሚለውጠው ጸሐፊው ነው። መዝገብ የሚያስገባው ዝቅተኛ ክብደትም 3.6 ኪሎ ይሁን። ተቃውሞ?

ቆቃ፣ ረቡዕ
የዓምናው ሳይወሰን አዲስ ደንብ አይወጣም።

ሰብሳቢ፣ ረቡዕ
የዓምናው ለብቻው ይታያል።

ቆቃ፣ ረቡዕ
መቼ?

ክላርክስተን፣ ሐሙስ
ስለ ሚዛን ስናወራ ግልጹን ነገር ረሳነው። ክላርክስተን ከተማ ያሉት የሐበሻ ሥጋ ቤቶች ሚዛን ለንግድ የተፈቀደ ነው፤ የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ተለጣፊ ጎኑ ላይ አለ። ሰው ብር የሚከፍልበት ሚዛን ለዓሣም ይበቃል። ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ከሞንትጎመሪ ሐይቅ ያወጣውን ባስ ያስመዘነው ሄለና ከተማ ፖስታ ቤት ነው፤ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ። ዓሣው ቤት ተወስዶ ተበላ፣ ቁጥሩ ግን ዛሬም የግዛታችን ክብረ ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ 24 ፓውንድ የተባለው ግን ሰው በሚመዘንበት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ስለተመዘነ መዝገብ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ካሊፎርኒያ ዲክሰን ሐይቅ ላይ 25 ፓውንድ ከ1 አውንስ ያነበበው ደግሞ የእጅ ሚዛን ነበር፣ ዓሣውም ወዲያው ተለቀቀ። መንጠቆው አፉ ውስጥ ስላልነበር ያዡ ራሱ ጥያቄውን ተወው። ሦስተኛ ወገን ያየው ሚዛን ነው የሚያዋጣው።

ጫሞ፣ ሐሙስ
ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ወቅቱን አስሉት። ትልልቁ ባስ የሚያዘው ሁዳዴ ውስጥ ነው። ያኔ ሥጋ ቤት ማን ይከፍታል? ከዌስት ፖይንት ሐይቅ እስከ ክላርክስተን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ዓሣው እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በረዶ ላይ ካልተቀመጠ እየደረቀ ክብደቱን ያጣል።

ዝዋይ፣ ሐሙስ
የሥጋ ቤቱ ሚዛን በፓውንድ ነው።

የወጣቶች ተወካይ፣ ሐሙስ
እኔ ሌላ ችግር አለብኝ። 10 ፓውንድ የደረሰች ባስ እንቁላል የሞላች እናት ነች። ሚዛን ፍለጋ ከተማ ድረስ ከተወሰደች ሞታ ነው የምትደርሰው። ለ500 ዶላር ብለን የሐይቁን ትልልቅ ዓሣ መግደል ነው ሥራችን? በርዝመት እናድርገው። ርዝመት ባትሪ አያልቅበትም፣ ክብደት ለመጨመር የእርሳስ ብረትም አይሞላበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤሪ ሐይቅ ላይ ዋልአይ በተባለ ዓሣ ሆድ ውስጥ የእርሳስ ብረት ከተው የተያዙት ዓሣቸው ለዓይን ከሚገመተው በላይ ስለመዘነ ነው። ሆዱን ሳትቀድ ያንን ማወቅ ከባድ ነው።

ጫሞ፣ ሐሙስ
ርዝመትም በአግባቡ ካልተለካ ያው ነው። የመለኪያ ሰሌዳው ዜሮው ላይ ግድግዳ ያለው ይሁን። አፉ ተዘግቶ ግድግዳውን ይንካ፣ ጅራቱ በጣት ተጨብጦ ይለካ። አፉ ተከፍቶ ወይም ጅራቱ ተንሸዋርሮ ሲለካ ሩብ ኢንች የትም ይገኛል። ፎቶው ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሳ፤ ከጎን የተነሳ ፎቶ ቁጥሩን ያዛባል። አውራ ጣት ስንጥቡን ወይም ቁጥሩን አይሸፍን። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ይፈሰስበት፣ አለበለዚያ የዓሣውን ልባስ ይልጠዋል። በሁለት ሩብ ኢንች መካከል ካረፈ ወደ ታች ነው የሚጻፈው።

ሐይቅ ዳር፣ ዓርብ
አሮጌ ፎቶ እንዳይላክ ደግሞ በየውድድሩ ጠዋት ሰብሳቢው አንድ ቃል ያውጣ። ያ ቃል ውሃ በማይነካው ካርድ ተጽፎ ሰሌዳው ላይ፣ ዓሣው አጠገብ ይታይ። ሚዛኑን በተመለከተ፦ አላቱና፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ሲመጣ በጂም ብረት እንዳትፈትኑት፣ የጂም ብረት ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ አይታመንም። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ፣ 3.78 ኪሎ ነው። ባዶውን ጀሪካን መዝናችሁ ቀንሱ።

ሰብሳቢ፣ ዓርብ
አላቱና?

ዝዋይ፣ ቅዳሜ
ርዝመት ይሁን ካላችሁ እስማማለሁ፣ ሰሌዳው ሴንቲሜትርም ይኑረው። ማክሰኞ ቆቃን ከፍ ዝቅ ያደረጋችሁትም ልክ አልነበረም። ዓሣውን የያዘው እሱ ነው፣ ይህን የካደ የለም።

ቆቃ፣ ቅዳሜ
አመሰግናለሁ ጋሽ ዝዋይ። ሐይቅ ዳር፣ ተናድጄ ነው። ሽልማቱን ግን አልተውኩም።

ሐይቅ ዳር፣ ቅዳሜ
ይሁን። እኔም ፎቶውን አሳድጌ እንደገና አየዋለሁ።

የወጣቶች ተወካይ፣ ቅዳሜ
ሰሌዳው ለእያንዳንዱ አባል ቢገዛና የማኅበሩ ዓርማ ቢታተምበት ለውድድሩም ለፎቶውም ያምራል። 500 ዶላሩም ወደዚያ ቢዞር ክርክሩ ራሱ ይዘጋል።

ቆቃ፣ ቅዳሜ
የማንን 500 ዶላር ነው የምታዞረው?

ክላርክስተን፣ ቅዳሜ
ዓርማው የቱ ነው? አሮጌው ላይ ያለው ዓሣ ባስ አይደለም፣ ቆሮሶ ነው።

ሰብሳቢ፣ እሑድ
የተሻሻለው ረቂቅ፦ የዘንድሮው ውድድር በርዝመት ነው። ዓርማ ያለበት የመለኪያ ሰሌዳ፣ በኢንችና በሴንቲሜትር፣ ለአባላት ይታዘዛል። የቀኑ ቃል በካርድ ይያዛል። የክብደት መዝገቡ ሚዛኑ እስኪመጣ ይቆያል። ዓምና የተያዘው ዓሣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል። የዓርማውን ሥዕል የሚያስተካክል ሰው ይፈለጋል።

ገንዘብ ያዥ፣ እሑድ
ሰሌዳ የሚፈልግ እስከ ሐሙስ ስሙን ያስመዝግብ፤ ብዛቱን ሳላውቅ ዋጋ መጠየቅ አልችልም። 500ው አይነካም፣ ከሐሙስ በኋላ የሚከፈለው ከአባላት መዋጮ ነው። አላቱና፣ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ሚዛኑ ከተገዛ ደረሰኙን፣ ካልተገዛ 140 ዶላሩን።