ሌባችን የቡድኑን አልማዝ ሸጠ፣ እኔ ዳኛው አውቅ ነበር፤ ሦስት ሳምንት አልተጫወትንም

ጣሳ ዳኛ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ አቦ።

እዚህ ድሬ ዲ ኤንድ ዲ (እያንዳንዱ አንድ ካራክተር ይዞ፣ ዳይስ እየጣለ አብረን ታሪክ የምንፈጥርበት ጨዋታ) የምንጫወት አምስት ሰዎች ነን፣ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር አክስቴ ግቢ ዛፉ ስር ምንጣፍ እናነጥፋለን። የምመራው እኔ ነኝ። ዲኤም የሚለው ስም አፋችን ላይ አልያዝ ስላለ እንደ ዕቁብ "ዳኛ" ይሉኛል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2023 በነፃ ፈቃድ የተለቀቀው ነው፣ ስልኬ ላይ አለ። ዳይስ ግን የለንም። አንዲት ባለ ሃያ ጎን ነበረችን፣ የአክስቴ ፍየል በላቻት። አትሳቁ። ከዚያ ወዲህ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቆርኪዎች አሉን፤ ሳታይ አንድ ታወጣለህ፣ ታነባለህ፣ ትመልሳለህ፣ ትነቀንቃለህ።

የጨዋታውን ከተማ የቀዳሁት ከጀጎል ነው። ግንብ፣ አምስት በር፣ ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ የሚገባ ጅብ። ሐረሮች ይቅር በሉኝ።

ተጫዋቾቹ እነዚህ ናቸው። ነርስ የሆነች ጓደኛችን፣ ክሌሪክ ናት፣ ማለትም ፈዋሽ። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛችን፣ ሮግ ነው፣ ሌባ። ታናሽ ወንድሜ፣ 19 ዓመቱ ነው፣ ተዋጊ። ታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጥ ጎረቤታችን፣ አስማተኛ። ይሄ ጎረቤታችን ፈጢራው እስካልጎደለ ድረስ ስለ ምንም ነገር አስተያየት የለውም።

ሁሉም 5ኛ ደረጃ እንደደረሱ ነርሷ ሪቪቪፋይ የሚባለውን አስማት አገኘች። የሞተን ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከደረስክበት ያስነሳል፣ ግን 300 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ይበላል። አራቱ 75፣ 75 ወርቅ አዋጥተው ገዙ። ነርሷ ደብተሯ ላይ "አልማዝ፣ የሁላችን" ብላ ጽፋ ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። መስመሩን እስካሁን አየዋለሁ።

በቀጣዩ ሳምንት፣ ቡድኑ ካምፕ ውስጥ ተኝቶ እያለ፣ ባጃጁ ከፊቴ ተቀምጦ በቴሌግራም ጻፈልኝ። "አልማዙን ከቦርሳዋ ላወጣ ነው፣ ዝም በል።" እኔም ዝም አልኩ። እሷ እንዳትነቃበት ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር 13 ነበር፣ ተኝታለችና 5 ቀንሼ 8 አደረግኩት። ጣሳውን "ዘብ ቁሜ ምን ሰማሁ" በሚል ሰበብ አቀበልኩት። 11 አወጣ፣ የካራክተሩ ችሎታ 7 ሲጨመርበት 18። አለፈ። ከተማ ሲገቡ ሸጦ ድምፅ የማያሰማ ጫማ ገዛበት። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው ነገር ነበረና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሜ ሌሎቹ እንዲያመልጡ ብሎ የግንቡን ቀዳዳ ብቻውን ዘጋ። ግዙፍ ጅቦች ጣሉት። ነርሷ ከማዶ ስለነበረች እስክትደርስ ሦስት ዙር ፈጀባት። በሦስቱም ዙር ቆርኪ አወጣ፦ 4፣ 9፣ 7። ሦስት ጊዜ ከ10 በታች ማለት ሞት ነው። የእሱ ፊት ጠቆረ። እሷ ግን ሳቀች። "ኧረ አቦ ምን ሆናችሁ፣ አልማዙ አለ አይደል" ብላ ደብተሯን ገልጣ መስመሩን በጣቷ አሳየችን።

"ቦርሳው ውስጥ የለም" አልኳት።

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ከዚያ የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ አየች። ባጃጁ እጁን አነሳና "ካራክተሬ ሌባ ነው፣ ሌባ ምን እንዲያደርግ ትፈልጊያለሽ፣ እንዲቆርብ?" አላት። "ይሄ ዕቁብ መብላት ነው" አለችው። ደብተሯን አጥፋ ወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሳቢያን ቤቷ ድረስ በነፃ የሚያደርሳት እሱ ነበር። ያን ማታ በሌላ ባጃጅ ሄደች። እሱም የራሱን እያስነሳ "እኔ ስሰጥ ደብተር ላይ ማንም አልጻፈልኝም" ብሎኝ ሄደ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ሁለቱም ስልክ አያነሱም። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፣ ክፍሉ ገብቶ ይጽፋል። ጥያቄዬ፦ ስርቆቱን እንዳልተደረገ ልሰርዘው? ወይስ ባጃጁን ላስወጣ? ወንድሜንስ ዝም ብዬ ላስነሳው?

—

ደንብ ጠባቂ (አዲስ አበባ)፦

ወንድም ዳኛ፣ ምንም ሳትሰርዝ በደንቡ ውስጥ መውጫ አለህ። ክሌሪኳ 5ኛ ደረጃ ከሆነች ጄንትል ሪፖዝን ማዘጋጀት ትችላለች፣ 2ኛ ደረጃ አስማት ነው። ቁንጥር ጨውና በሬሳው ሁለት ዓይን ላይ የሚቀመጡ ሁለት የመዳብ ሳንቲሞች ብቻ ነው የሚፈልገው። ለ10 ቀን ሬሳውን ያቆየዋል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ከማስነሻው ጊዜ ላይ አይቆጠርም። ማለትም የሪቪቪፋይ አንድ ደቂቃ ባለበት ይቆማል። በአሥሩ ቀን ውስጥ አዲስ አልማዝ ይፈልጋሉ። አልማዙን የሚያመጣው ደግሞ ሌባው ይሁን፣ ጫማውን ይሽጥ። ያ ካልተሳካ ሬይዝ ዴድ አለ፣ እስከ 10 ቀን ለቆየ ሬሳ ይሠራል፤ ግን አልማዙ የ500 ወርቅ ነው፣ ክሌሪኩም 9ኛ ደረጃ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከከተማው ካህን ፈልጉ። የተነሳው ሰው ለጥቂት ቀን በሚያወጣው ቁጥር ላይ 4 ይቀነስበታል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፦ ሪቪቪፋይን ያዘጋጀች ሰው ጄንትል ሪፖዝን በዚያ ቀን አዘጋጅታ ነበር?

—

ጣሳ ዳኛ (ድሬዳዋ)፦

አዘጋጅታለች! አሁን ዝርዝሯን ፎቶ ካነሳሁት ላይ አየሁት። ጨዋታውም የቆመው ልክ እሷ በደረሰችበት ቅጽበት ነው፣ በእኛ ሦስት ሳምንት፣ በእነሱ ገና ስድስት ሰከንድ አልሞላም። ጨው ደግሞ ለድሬ ልጅ! ኦ አንተ ሰው ተባረክ።

—

በድሮ በሪ (ሐረር)፦

አቦ ቀስ በል፣ ገና አትጨፍር።

እኔ እዚህ ጀጎል ውስጥ ከስድስት ሴቶች ጋር ነው የማጫውተው፣ ሆጃ እየጠጣን። ጅቡን በቀዳዳው ማስገባትህን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሌላውን ግን አልምርህም። ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "ባጃጁ ሰረቀ፣ ነርሷ ተቆጣች፣ ወንድሜ ሞተ።" አንተ የት ነህ? ጥያቄህ ውስጥ የለህም። ሴትየዋ ያን ማታ የሁላችሁንም ፊት አንድ በአንድ ስታይ ማንን ስትፈልግ ነበር መሰለህ? ሌባውንማ አወቀችው፣ እጁን አነሳ። ከሌባው ጋር ማን እንደነበረ ነው የፈለገችው።

የዕቁብ ዳኛ ሳጥኑ ሲሰረቅ አይቶ "ጥሩ ቁጥር አውጥቷልና ይውሰድ" ይላል? አንተ ያልከው እሱን ነው። 8 ነው፣ 18 ነው፣ አለፈ። ስሌቱ ልክ ነው። ግን የጓደኛን እጅ የጓደኛ ቦርሳ ውስጥ ማስገባት ይቻላል ወይ የሚለው ለቆርኪ የሚተው ጥያቄ አይደለም፣ ቆርኪ ከመውጣቱ በፊት ምንጣፉ ላይ የሚነሳ ነው።

"ሌባ ነኝ ምን ላድርግ" የሚለውን ደግሞ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታው መጀመሪያ ሲታተም ሌባ የሚባል ምርጫ አልነበረም፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ክሌሪክ ብቻ ነበሩ። ሌባው በ1975 በተጨማሪ መጽሐፍ ነው የገባው፤ ከሥራዎቹም መቆለፊያ መክፈትና ወጥመድ ማክሸፍ ይገኙበት ነበር። ይሄን የምነግርህ እኔም ጋ አንዷ ያንኑ ስላለችኝ ነው። "ሌባ ነሽ፣ ግን እነዚህ ሰዎች ጋ ሌሊት ለምን ትተኛለሽ?" አልኳት። መልስ ፍለጋ ሄዳ ከካራክተሯ ታሪክ ጥሩ ጥሩ ነገር ይዛ መጣች።

ከመጀመሪያው ተቀምጣችሁ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም ብላችሁ ተነጋግራችሁ ነበር?

—

ጣሳ ዳኛ (ድሬዳዋ)፦

ተነጋግረናል። አንድ ነገር ብቻ ነው የተከለከለው፣ ጎርፍ። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ጊዜ ነርሷ ልጅ ነበረች። ምን እንደሆነች አልጠየቅናትም፣ እሷም አልነገረችንም፣ "ውሃ አታምጣብኝ" ብቻ አለች። ሁለት ዓመት አንድም ወንዝ አልሞላም። የደረቀ አሸዋ ላይ ነው የምንሄደው።

—

በድሮ በሪ (ሐረር)፦

እንግዲያው ቃል መጠበቅ ታውቃለህ። ጎርፉን ለማስቀረት ያወጣኸውን ጉልበት ሩቡን ለአልማዙ ብታወጣ ኖሮ። ሁለት ነገር አድርግ። ለሴትየዋ ደውለህ "አውቅ ነበር" በላት። ቴክስት አይደለም፣ ድምፅ። "ጨዋታ ነው" እንዳትላት፣ "ግን" የምትለዋን ቃል ለዚያ ቀን ተዋት። ከዚያ ባጃጁ ጋ ሂድ። "ስሰጥ ማንም አልጻፈልኝም" ማለቱን አንተ አንድ መስመር ሰጥተህ አለፍከው፣ እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። በሁለት ዓመት ስንት ቅዳሜ ነው? ስንት ሌሊት የነዳጅ ሰልፍ ቆሞ ነው ያንን መንገድ የሚሄደው? ስርቆቱን አያጸድቅለትም። ግን ምናልባት ከቦርሳው የወሰደው የእኔ ነው ያለውን ነው።

—

አላፊ አግዳሚ፦

ትልልቅ ሰዎች ለቆርኪ ተጣሉ? ሥራ ፈልጉ እንጂ እናንተ።

—

ጎረቤት አስማተኛ (ድሬዳዋ)፦

ታይዋን ልብስ የሚሸጠው እኔ ነኝ። ሊንኩን የላከልኝ ራሱ ዳኛው ነው። አስተያየት የለውም ስላልከኝ አንድ አለኝ፦ ያን ማታ ነርሷን በሌላ ባጃጅ የሸኘኋት እኔ ነኝ፣ ሂሳቡንም ከፍያለሁ፣ ይሄን ማንም ጥያቄው ላይ አልጻፈውም። ፈጢራውን ግን ጻፈ።

—

ጣሳ ዳኛ (ድሬዳዋ)፦

ይቅርታ ጎረቤት። እውነትህን ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ትናንት ነርሷ ጋ ደወልኩ። አምስተኛው ላይ አነሳች፣ ተረኛ ነበረች። "አውቅ ነበር፣ ሲጽፍልኝም አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር" አልኳት። ረጅም ዝምታ። ከኋላዋ የሆነ ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል። "ሳቅክ?" አለችኝ። "ያኔ ውስጥህ ሳቅክ?" አዎ አልኳት። ዘጋችው። እኔም በቃ አበቃ ብዬ ነበር። ማታ 5 ሰዓት ላይ መልእክት መጣ፦ "ጨውና ሁለት ሳንቲም አለኝ። ቅዳሜ የምንጫወተው ሳቢያን፣ እኔ ቤት ነው። ማታ የሚመለስ ሰው ባጃጁን ራሱ ይክፈል።" ስለ ጨውና ሳንቲሙ እኔ አልነገርኳትም። ይሄን ክር ታነባለች ማለት ነው። ሰላም ነርስ።

ባጃጁን ለገሃሬ ነው ያገኘሁት፣ ጥላ ስር ቆሞ ጎማ ያስነፋል። ለሁለት ዓመቱ ስለ ነዳጁ ልከፍለው ሃሳብ አቀረብኩ፣ ተሳደበ። እኛ ድሬዎች ስድቡን እንደ ሰላምታ ስለምንወስደው ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ቆምኩ። ብሩን አልተቀበለኝም። "አንዴ፣ አንድ ቅዳሜ፣ 'ደርሰህ ቤትህ ገባህ ወይ' ብላችሁ ደውላችሁልኛል?" አለኝ። አልደወልንም። ማንኛችንም። እሷን እቤቷ መግባቷን እንጠይቃለን፣ እሱን ግን አንጠይቅም። እንዲያው ያስገረመኝ፣ ጥያቄው እስኪመጣ ድረስ እኔ ራሴ አላሰብኩትም። ቅዳሜ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። "ጫማውን አልሸጥም" ብሎ ሄደ። አዎ ይሁን አይደለም አላወቅኩም።

አሁን ደንብ ጠባቂ አንድ ነገር ንገረኝ። ወንድሜ ሦስት ሳምንት ሲጽፍ የከረመውን ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ አሳየኝ። የሚነሳ አልመሰለውም፣ አዲስ ካራክተር ሠርቷል። አራት ገጽ፣ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ታሪኩ ሁሉ ያለው፣ ከግንቡ ውጭ ያደገ፣ ጅቦቹን በስማቸው የሚጠራ። አሮጌውን ተዋጊ ብናስነሳው ይሄን ምን ላድርገው? ደግሞ ክላስ (የካራክተሩ ዓይነት) የሚለው መስመር ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ ላየው ጠጋ ስል በእጁ ሸፈነው። አስለቅቄ አየሁት።

ሌባ ነው።