ዊንዶውስ 11 ለማይቀበል ላፕቶፕ የቱን ስርዓተ ክወና ትጠቁሙኛላችሁ?

ጠያቂ፣ ሐዋሳ
የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምሠራበት ላፕቶፕ ኮር አይ 5 ስድስተኛ ትውልድ ሲሆን ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኔን ፕሮሰሰር አይደግፍም። ቀን ሙሉ የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ በወር መጨረሻ የሁለት ደንበኞችን ሒሳብ ፒችትሪ በተባለው የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራም እሠራለሁ። ሊኑክስ ወደሚባለው ሌላ ስርዓተ ክወና ልሻገር ወይስ ባለበት ልቀጥል? በጥንቃቄ የሚጭን ባለሙያም ካለ ጠቁሙኝ።

የሒሳብ ሠራተኛ
እኅቴ፣ ፒችትሪ ካልሽ ከዊንዶውስ አትውጪ። ከድሮው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ እንጀራዬን የበላሁት በእርሱ ነው፤ ሌላ ነገር ሞክሬ አላውቅም፣ መሞከርም አልፈልግም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10ን የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝምበት ምዝገባ ስላለ፣ ለጊዜው እርሱ ፋታ ይሰጥሻል።

ውል ጸሐፊ
የትኛውን እንደሚጭኑ ከመወሰንዎ በፊት ላፕቶፑን ለማን እንደሚሰጡ ያስቡበት። ዓምና «ዊንዶው ይቀየርልኝ» ብዬ ለአንድ ጥገና ቤት ሰጥቼ ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ ዴስክቶፑ ላይ ከሪሳይክል ቢን በቀር ምንም አልነበረም። ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስኩን ክፍል «ሲ»ን ብቻ ሳይሆን ሰነዶቼን ያስቀመጥኩበትን «ዲ»ን ጭምር አጥፍተውታል። የስድስት ዓመት ውሎችና ማመልከቻዎች፣ የእናቴ የመጨረሻ ፎቶግራፎች ሳይቀሩ ሄዱ። ስጠይቃቸው «ፎርማት ይደረግ ብለሃል» አሉኝ።

የመርካቶ ልጅ
በጣም ያሳዝናል ወንድሜ። ሜክሲኮ አካባቢ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የማሠራው ባለሙያ አለኝ፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉን ገልብጦ፣ «አንድ ሁለቱን ከፍተህ አረጋግጥልኝ» ይላል። ሊኑክስ ይጭን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ቢሆንም ከእርሱ ሌላ ለማንም አልሰጥም።

ከሜሪላንድ
እኔ ወደ ማክ ከተሻገርኩ ወዲህ ቫይረስ የሚባል ነገር አላስጨነቀኝም። የአማርኛ ፎንቱም አብሮት ይመጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. ኤም 1 ቺፕ ይዞ የወጣው ማክቡክ ኤር ዛሬም ቀን ሙሉ ያሠራል። አንዴ ከፍሎ መገላገል ይሻላል እላለሁ።

የኔትወርክ ባለሙያ
ጠያቂዋ ያለችው ሐዋሳ፣ በእጇ ያለውም አሮጌ ላፕቶፕ ነው። አንዱ ሜክሲኮ፣ ሌላው ወደ ማክ ይልካታል። እባካችሁ የተጠየቀውን መልሱ።

ሚንት ተጠቃሚ
በእኔ በኩል ለዚህ ላፕቶፕ ከሊኑክስ ዓይነቶች ሊኑክስ ሚንት 22ን እመርጣለሁ፤ በ8 ጊጋባይት ራም ያለችግር ይሠራል፣ ድጋፉም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ሳይጭኑት በፍላሽ አስነስተው ዋይፋዩንና በተለይም ፎቶ ኮፒ ማሽንዎን ይሞክሩ፤ ማሽኑ ካልታዘዘ ሥራዎ ይቆማልና። ለአማርኛ ጽሕፈት ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ስለሚሠራ ጣትዎ የለመደውን አይለቅም። ፒችትሪን በተመለከተ የሒሳብ ሠራተኛው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ዊንዶውስ 10ን ሳያጠፉ ሚንትን ጎን ለጎን ያስጭኑና፣ ሒሳቡን ኢንተርኔት ዘግተው በዊንዶውሱ፣ የቀረውን በሚንት ይሥሩ። ሃርድ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ከሆነ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ መቀየሩ ከማንኛውም ስርዓተ ክወና ይበልጥ ያፈጥነዋል።

ጠያቂ፣ ሐዋሳ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ሳይለመድ በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ብዙ ደብዳቤዎች አሉኝ፤ በሊኑክስ ይከፈታሉ?

ሚንት ተጠቃሚ
የእነዚያ ፎንቶች «ሰ» በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠችው በእንግሊዝኛ ፊደል ወይም በምልክት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስም ቢሆን፣ ደብዳቤውን የምልክት ክምር አድርጎ ያሳየዎታል። የፎንት ፋይሎቹን አሁን ካለው ዊንዶውስ ገልብጠው ያስቀምጡና ሚንት ላይ ይጫኗቸው፤ ከዚያ አንዱን ደብዳቤ ሊብረኦፊስ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ከፍተው ከታተመው ወረቀት ጋር ያስተያዩት። ይህን ሳያዩ ምንም ነገር አያስጠፉ።

የሒሳብ ሠራተኛ
ይህ ሁሉ ልፋት ዊንዶውስ ላይ አያስፈልግም ነበር።

ውል ጸሐፊ
ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከ«ዲ» የጠፋውን መመለስ ይቻላል? ከዚያን ቀን ወዲህ ዲስኩን አስወጥቼ በመሳቢያ አስቀምጬዋለሁ።

ሚንት ተጠቃሚ
አዲስ ነገር ካልተጻፈበትና ዲስኩ ኤስኤስዲ ካልሆነ ተስፋ አለው። በምንም ምክንያት በእርሱ አያስነሱ፣ ምንም አይገልብጡበት። የሚሠራልዎት ሰው አስቀድሞ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ያውጣና ፍለጋውን በቅጂው ላይ ያድርግ፤ ፎቶግራፎቹን ያስቀድምልዎት።