እንጦጦ ላይ ነን፣ ነፋሱ ድምፃችንን በላው! እርዱን

ሚጢጢ ፊልም (ጠያቂ)
ሰዎች አሁኑኑ እርዱን። አጭር ፊልም እየቀረጽን ነው፣ ምስሉ ያምራል፣ ድምፁን ስንሰማው ግን ፉፉፉፉ ብቻ! ተዋናዩ ነገ ጠዋት ክፍለ ሀገር ይሄዳል፣ ሌላ ቀን የለንም፣ ብርም የለንም። ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል ወይስ አለቀልን?

የድሮ ሰው
ልጆች፣ ቦታ የሚመረጠው በዓይን ብቻ አይደለም፣ በጆሮም ነው። ቀድማችሁ በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ነበረባችሁ። ከፍታ ቦታ ነው፣ ነፋሱ የታወቀ ነው፣ ባሕር ዛፉም ቅጠሉ ሲንሿሿ ሌላ ጣጣ ነው። ዛሬ ካሜራ የያዘ ሁሉ ዳይሬክተር ሆኗል።

ቀልደኛው
ጋሼ፣ ቤታቸው እየተቃጠለ እርስዎ ስለ ክብሪት ያስተምራሉ 😂

ስፖንጅ ነው መፍትሔው
ማይኩ ላይ ስፖንጅ አድርግበት።

ቡም ያዥ
ወንድሜ፣ ማይኩ ምንድን ነው? የትስ ነው ያለው? ይሄን ሳትነግረን ምን እንበልህ?

ሚጢጢ ፊልም
እህት ነኝ። ካሜራ አናት ላይ የሚሰካ ትንሽዬ ሾትጋን (በዋናነት ከፊቱ ያለውን ድምፅ የሚይዝ ማይክ) ነው፣ ስፖንጅ አለው። ተዋናዮቹ 4 ሜትር ያህል ይርቃሉ።

ቡም ያዥ
ይቅርታ እህቴ። ነፋሱን ብቻ አትውቀሺ፣ ግማሹ ጥፋት የ4 ሜትሩ ነው። ማይኩን አውርጂና ዱላ ጫፍ ላይ እሰሪው፣ የመጥረጊያ እንጨትም ይሆናል። ከፍሬሙ (ካሜራው ከሚያየው) በላይ ሆኖ አፉ ወደ ደረታቸው ይይ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፃቸው በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፣ ከ4 ወደ 1 ሜትር ስትቀርቢ 12 አገኘሽ ማለት ነው። ኦቶውን (ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) አጥፊው፣ ዝም ሲሉ ነፋሱን እያጎላ የሚያመጣብሽ እሱ ነው። ጮክ ሲሉ ካሜራው ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ወደ -12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ሎው ካት (ወፍራሙን ጉምጉምታ የሚቀንስ ማብሪያ) ካለው አብሪው። የተቀረጸው ላይ ጉምጉምታው በኤዲቲንግ ይቀንሳል፣ ከልክ በላይ ጮኾ የተሰነጠቀው ድምፅ ግን አይመለስም።

ሚጢጢ ፊልም
ኬብሉ አጭር ነው 😭

ቡም ያዥ
እንግዲያው የስልክ ኢርፎን ማይኩን ልብስ ውስጥ ደረት ላይ በፕላስተር ለጥፊ፣ ስልኩ ኪስ ይግባ፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ ስልክ። ከካሜራው ጋር እንዲገጥምልሽ መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭቡ።

ከመርካቶ
የበግ ቆዳ ጠቅልይበት፣ ነፋስ ድርሽ አይልም።

ቡም ያዥ
ድምፁም ድርሽ አይልም! ነፋሱን የሚሰብረው ጸጉሩ ነው፣ ቆዳው ይዘጋዋል። ጀርባው ስስ የሆነ ጸጉራም ጨርቅ ነው የሚፈለገው፣ ከስፖንጁ በላይ፣ ጸጉሩ ወደ ውጭ።

ዳቢንግ
ምን ያለፋችኋል? ስቱዲዮ ገብታችሁ ደብ አድርጉት፣ ንግግሩን እንደገና ቅዱት። ውጭ የተቀረጸ ንግግር መቼ ጠርቶ ያውቃል?

ሚጢጢ ፊልም
ተዋናዩ ይሄዳል አልኩ እኮ!! ስቱዲዮውን ማን ይከፍላል?

ጉለሌ ልጅ
ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ሳትበተኑ መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ ሞተር አጥፉ። የቀረጻችሁትን እየሰሙ በዚያው ፍጥነት እያንዳንዱን ንግግር ሦስት ሦስት ጊዜ በስልክ ይበሉት። ስሜቱ ገና ትኩስ ነው፣ ከሳምንት በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ አታገኙትም። የአካባቢውንም ድምፅ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቅዱ፣ ስትቆርጡ ክፍተቱን ትሞሉበታላችሁ። ጋቢ ካላችሁ ደግሞ ሁለት ሰው በነፋሱ በኩል ወጥሮ ይያዝ። ማይኩን አታልብሱት፣ ነፋሱን ጋርዱት።

ሚጢጢ ፊልም
የዘበኛውን ጋቢ ለምነን ወጠርነው፣ በኢርፎኑ ሞከርን፣ ንግግሩ ይሰማል!!! አሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ጀመረ። ለሱስ ምን ይደረጋል?

ጉለሌ ልጅ
ለሱ መድኃኒት የለውም፣ ሻይ ጠጡና ጠብቁ። ወይ እስከዚያ ንግግር የሌለውን ቅረጹ።

ስፖንጅ ነው መፍትሔው
ስፖንጅ አድርጋችኋል ግን?